አባዬ በስልክ የሚመልስልህ ሰላምታ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለጉልላት ኤርጫፎ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ ሰዉ እንዴት ይዞሃል? አብረውህ የሚኖሩት የአገር ልጆች ሁሉም ደህና ናቸው? ባለፈው ያመኝ ነበር ያልከው ወገብህስ ተሻለህ? የደቡብ አፍሪካን ምግብ ለመድከው ወይስ ዛሬም በሻይና በዳቦ ነው የምትውለው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሳላስብ ነው። እጄ ከመጀመሪያው ቃል እስከ "ይመስገን" ድረስ ራሱ ሄደ፤ እኔ በዚያ መሃል የማስበው ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ ነበር። ተመልሼ ሳነበው "ሁላችንም ደህና ነን" የሚለው ውሸት ሆኖ አገኘሁት። ልሰርዘው ብዬ እስክሪብቶዬን አነሳሁና ተውኩት። የምጽፍልህ ስለዚሁ ነገር ስለሆነ እዚያው ይቀመጥ።

ብዙ ሳላስጨንቅህ ቶሎ ልንገርህ። አባዬን በሐምሌ ስትሮክ መቶታል። በሕይወት አለ፤ ይበላል፣ በከዘራ ይራመዳል፣ ሰው ያውቃል። ቀኝ እጁ ደከም ብሏል። ዋናው የተጎዳው ግን ንግግሩ ነው። እሁድ እሁድ ስትደውል የሚያነጋግርህ አባዬ ነው፣ ድምፁም የራሱ ነው፤ የሚነግርህን ቃል ግን እሱ አስቦ የመረጠው አይደለም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለማስረዳት ነው ይህን ያህል ወረቀት የምጨርሰው።

እስካሁን ያልነገርንህ እማዬ ስለከለከለችን ነው። ሰው አገር ያለ ልጅ ልቡ አይረበሽም፣ ሲመጣ ራሱ ያየዋል ብላ አስማለችን። ስልኩንም የምትይዝለት እሷ ናት፤ ልብ ብለህ ከሆነ ምስሉ ሁልጊዜ በግራ ጎኑ ነው፣ በቀኝ በኩል አፉ ትንሽ ዘንበል ስላለ። አሁን መሐላዬን አፈረስኩ፤ እማዬ ስትሰማ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። አንተ በደወልክ ቁጥር ከአጠገባችን ስለማትነሳ በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም። ከትምህርት ቤት ሆኜ የድምፅ መልእክት ልልክልህም ሞክሬ ነበር። እንዴት ነህ ብዬ ጀመርኩ፣ ሰላምታው ሲያልቅ የምለው ጠፋኝ፣ አጠፋሁት። የጎረቤታችን የሰይፈዲን የእህት ልጅ ኑሕ እናንተ ወዳላችሁበት ከተማ ሊመጣ ነው ሲሉኝ ነው በወረቀት ይሻላል ያልኩት። ልጁ ትሑት ነው፣ ሻይ አጠጣው።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ክረምት ስለነበር ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔም ቤት ነበርኩ። አባዬ እንደወትሮው ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ታጠበና ወንበሩን በረንዳው ላይ አውጥቶ ተቀመጠ። ሰፈራችንን ታውቀዋለህ፤ ከአጠና ተራ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሰላም ሳይለው አያልፍም። እንዴት አደሩ ጋሽ ኤርጫፎ ይሉታል፤ ይመስገን፣ እናንተስ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደህና፣ ቤት ደህና፣ ተባረኩ ይላል። ያን ዕለትም እንዲሁ አለ። ቁርስ ላይ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። እማዬ ብርድ መቶት ነው ብላ ክንዱን በቅባት አሸችው። ዝምታ ማብዛቱንም አይተን ነበር፤ ዝናቡ ነው፣ ክረምት ሲገባ ሁልጊዜ ይከፋዋል አልን። ጠዋት እንዴት አደርክ ስንለው ይመልሳል፣ ማታ ደህና እደር ስንለው ይመልሳል። በመሃል ለካ ብዙ የምንነጋገረው ነገር አልነበረንም።

ነገሩ የታወቀው በሰይፈዲን ምክንያት ነው፤ ያውም ተቀይሞ። በዚያው ሰሞን እህቱ ሀይፋ በጠና ታማ ሆስፒታል ገብታ ነበር። የቆርቆሮና የምስማር ሱቁን ዘግቶ ሲመለስ አባዬ ዘንድ ጎራ ይልና፣ ጋሽ ኤርጫፎ፣ ሀይፋ እኮ ከእጄ ልታመልጥ ነው፣ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡኝም ይለዋል። አባዬ እጁን ጭብጥ አድርጎ ይዞ፣ ይመስገን፣ ይመስገን፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና፣ ተባረክ ይለዋል። ሰይፈዲን እጁን አስለቅቆ ወጣ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ የገባው ግን የተለመደው ሰላምታ ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። ሰይፈዲን ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ ለሃፊዛ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው የኖርኩት ሰው በሐዘኔ አመሰገነ አላት። ኩርፊያው እስኪበርድ ቀናት አለፉ። ነገሩ ያልተዋጠላት ሃፊዛ ናት። ጋሽ ኤርጫፎ እንዲህ የሚሉ ሰው አይደሉም፣ አንድ ነገር ሆነዋል ብላ ሰይፈዲንን አስከትላ መጣችና አባዬን፣ ትናንት ምን በሉ ብላ ጠየቀችው። ይመስገን አላት። እማዬ የት ሄደች አለችው። ይመስገን አላት። ያኔ ሰይፈዲን እየሮጠ መኪና ሊያመጣ ወጣ።

ሐኪሙ የአንጎሉን ምስል አሳየን፤ በግራ በኩል ጥላ ያረፈበት ይመስላል። ቶሎ ብትመጡ ኖሮ አለና ሳይጨርሰው ተወው። እኔም እንዲጨርሰው አልጠየቅኩትም። ሰይፈዲን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ፣ እኔ መሐረብ አቀበልኩት። ሀይፋ ከዚያ በኋላ ዳነች፣ አሁን ደህና ናት። እኔ ግን እስከ ዛሬ አላለቀስኩም ጉልላት። ጭካኔ አይደለም። ከቤታችን ጀርባ ያለው ወፍጮ ሲፈጭ ውሎ ድምፁን የምንሰማው ሲቆም አይደል? የማይለወጥን ነገር ጭንቅላታችን ቶሎ ይለምደውና መስማቱን ይተወዋል። የኔም እንደዚያ ነው መሰለኝ። ይኸው ከሐምሌ ጀምሮ ይፈጫል፣ እኔ አልሰማውም።

አባዬ ትንሽ ሲጠናከር ቤቴል ወዳለ አንድ ክሊኒክ መሩን፤ እዚያ ዮርዲ የምትባል የንግግር ሕክምና ባለሙያ አለች። ልጅ እግር ናት፣ እማዬ መጀመሪያ ስታያት ሐኪሟ መቼ ነው የምትመጣው ብላ ጠይቃታለች። ዮርዲ አባዬን ዛሬ ቀኑ ማን ነው አለችው። አባዬ አፉን ከፈተ፣ አሰበ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ፣ ምንም አልመጣለትም። ቆየችና፣ ሰኞ ብላ ጀመረችለት። አባዬ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እያለ ሳይደናቀፍ እሁድ ደረሰ፤ እሁድም ላይ አልቆመም፣ ሰኞን ደግሞ ጀመረው። እማዬ በደስታ ብድግ ብላ፣ ይኸው ያውቃል፣ ደህና ነው አለች። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሐሙስን ሁለት ጊዜ ጠርቶት አለፈ፣ ሊቆምበት ግን አልቻለም።

ዮርዲ እንዲህ ብላ አስረዳችን። ሰው የሚናገረው ሁሉ ከአንድ ጓዳ አይወጣም። አዲስ ሐሳብ ለመናገር ጭንቅላት ቃል ይፈልጋል፣ ይመርጣል፣ ይደረድራል፤ ይህ ሥራ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የሚሠራው በአንጎል ግራ ጎን ነው። ዕድሜ ልክ የተደጋገመ ነገር ግን ተጠቅልሎ እንደ አንድ ቃል ይቀመጣል። ሰላምታ፣ ቁጥር፣ የቀናት ስም፣ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ስድብም ጭምር አለች። እነዚህ አይመረጡም፤ ጫፋቸው ሲነካ ተከታትለው ይወጣሉ። ስለዚህ የመምረጫው ቦታ ሲጎዳ እነሱ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። የኛ ሰው ሰላምታ ደግሞ ረጅም ነው፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ጤናው ሲጠያየቅ ቆይቶ ተመራርቆ ይለያያል፣ ያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቃል መምረጥ ሳያስፈልገው። ቶሎ ያልደረሳችሁበትም ለዚህ ነው፣ በሰላምታቸው ስለምንሸነገል እንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ይዘገዩብናል አለችን።

እኔ ይህን ስሰማ አዲስ ነገር አልሆነብኝም። ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤቴ አንደኛ ክፍል አይደል የማስተምረው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ልጆቹ ፊደሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘምሩልኛል፤ ወላጅ ቆሞ ይሰማና ልጄ አንባቢ ሆነ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። አንዷን ፊደል ለብቻዋ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስጠይቅ ግን ከሀ ጀምረው በሹክሹክታ እየዘመሩ እስኪደርሱባት አያውቋትም። አንተ ራስህ "ተ"ን ለመናገር ከሀ ተነስተህ በ "ሸ" እና በ "ቀ" በኩል ዞረህ የምትመጣ ልጅ ነበርክ፣ አባዬም እየሳቀ፣ ይህ ልጅ ጦር ኃይሎች ለመሄድ በሆሳዕና ይዞራል ይል ነበር። አሁን እሱ ራሱ ሐሙስ ለመድረስ ከሰኞ ይነሳል፣ ሲደርስም መውረድ አይችልም።

የአስተማሪዎች ሥልጠና ላይ መዝገቡ የሚባል አሠልጣኝ ነበረን። ለልጁ መልሱን አትንገሩት፣ ፈልጎ እንዲያመጣው ጠብቁት፣ ጭንቅላት የሚማረው የተሰጠውን ሳይሆን ራሱ ቆፍሮ ያወጣውን ነው ይለን ነበር። ሥልጠናው አልቆ የምስክር ወረቀቴን ስቀበል ረሳሁት። ዮርዲም ለአባዬ ያዘዘችው ይህንኑ ሆነ። ጠይቁትና ጠብቁት፣ ቢያስጨንቃችሁም ጠብቁት፣ ካልመጣለት የቃሉን መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ስጡት፣ ቃሉን ግን አትቀሙት አለችን። ይህ ለእማዬ ከባድ ነው። አባዬ "ው" ሲል ውሃ ይዛ ትመጣለች፣ አንገቱን ሲያዞር ጋቢ ታለብሰዋለች። ከፍቅር ብዛት አንድም ቃል እንዲፈልግ ዕድል አትሰጠውም። ስነግራት፣ አንቺ ባሌን እንደ ተማሪሽ ጥግ ልታቆሚብኝ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ።

ከእማዬ ጋር የተጣላንበት ሌላም ነገር አለ። ዝናቡ የጓሮውን አጥር ጥሎታል። አባዬ የእንጨት ንግዱን ሲተው መርጦ ያመጣቸውን አጠናዎች ታስታውሳለህ፤ ጉልላት ሲመጣ ለሱ ክፍል እሠራባቸዋለሁ፣ ጎረምሳ ከእናቱ ጋር አይታጨቅም ብሎ ከኋላ ግድግዳ ጋር በሸራ ሸፍኖ ያቆማቸውን። ይኸው ቆመዋል። እማዬ ለአጥሩ እናውላቸው፣ ምስጥ ከሚበላቸው ትላለች። እኔ አባዬ ሳይፈቅድ አይነኩም አልኳት። ጠይቂው አለችኝ። ጠየቅኩት፣ ተባረኪ አለኝ። እማዬ ይኸው ፈቀደ አለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በጥቅምት የደወልክበትን ያን እሁድ አስበው። ሱቁ ከተዘረፈ ወዲህ መሮኛል፣ ሰውየው አዲስ ውል ፈርም እያለኝ ነው፣ ልፈርም ወይስ ጠቅልዬ ልምጣ፣ አባዬ አንተ የምትለኝን ነው የማደርገው አልከው። አባዬም፣ አይዞህ ልጄ፣ በርታ፣ ሁሉም ያልፋል፣ ባለህበት ሰላም ሁን፣ ተባረክ አለህ። አንተም፣ አባዬ በርታ ካለኝ እበረታለሁ፣ የገና በዓል ሳይደርስ እፈርማለሁ ብለህ ዘጋህ። እማዬ ኩራቷ ልክ አልነበረውም፤ ልጄ አባቱን ሳያማክር አይፈርምም ብላ ለሃፊዛ ልታወራ ሄደች።

እኔ አባዬን አየሁት። እማዬ ትታለት የሄደችውን ስልክ በግራ እጁ እንደያዘ በደከመው እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይመታ ጀመር። በኃይል አይደለም፣ አቅምም የለውም። ይመስገን፣ ይመስገን፣ ይመስገን ይላል። ፊቱ ላይ ግን ምስጋና አልነበረም። እንዲያ ያለ ፊት በልጅነታችን ጊዜ አንድ መኪና አጠናውን እሳት የበላበት ቀን ብቻ ነው ያየሁበት። ለዮርዲ ስነግራት፣ አባትሽ አብዛኛውን ነገር ይረዳል፣ የሚፈልገውም ውስጡ አለ፣ በር ላይ ሲደርስ ነው ሌላ ቃል የሚቀድመው አለችኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአባዬን ግን ብቅልም አያወጣው። ሰይፈዲንንም አስብ። ያን ቀን የሀይፋን መታመም አባዬ ሰምቶት ነበር። እጁን ጭብጥ አድርጎ የያዘው ለዚያ ነው። አፉ ግን አመሰገነ። ስለዚህ አንተን በርታ ያለህ አፉ ነው፤ እሱ ምን ሊልህ እንደፈለገ እኔ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም።

እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ ብለህ ራስህን አትውቀስ። ጆሮም እንደ አፍ ነው። የምናውቀው ሰው ሲናገር ጭንቅላታችን ቀድሞ ይሄድና የሚመጣውን ይገምታል፣ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። እኔ ደብተር ሳርም ልጁ የዘለላትን ፊደል እንዳለች አድርጌ አንብቤ ራይት አደርጋለሁ፤ በኋላ ወላጅ ያመጣልኛል። አንተም የሰማኸው ከምትወደው አባትህ የምትጠብቀውን ነው። አብረነው የምንኖረውም ከዚህ የተሻለ አልሰማንም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይል ነበር አባዬ ራሰ በራውን እየዳሰሰ። ይኸው አላወቅንም።

ከዚያ እሁድ በኋላ ልጠይቀው ወሰንኩ። እማዬ ለቅሶ ቤት ሄዳ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ አባዬ፣ ጉልላት ይምጣ አልኩት። አዎ፣ አዎ አለኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል የዮርዲ ነገር ትዝ አለኝና፣ አባዬ፣ ጉልላት እዚያው ይቆይ አልኩት። አዎ፣ አዎ አለኝ። አዎም ለካ ሰላምታ ነው። እሱ መልስ እንዳልሰጠኝ ያወቀ ይመስለኛል፣ ዓይኑን ከኔ ላይ አንስቶ ወደ መሬት አየ።

ሌላ ጊዜ በሌላ መንገድ ሞከርኩ። ያንተን ፎቶ አመጣሁ፣ ያንን የትምህርት ቤት ማልያ ለብሰህ የተነሳኸውን። ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለትና፣ ስለ ጉልላት ምን ታስባለህ አልኩት። ከዚያ በኋላ ምንም አላልኩም። አይዞህ አላልኩትም፣ ፈገግም አላልኩለትም፣ ሰላምታ የሚመስል ነገር ሁሉ አፉን እንደሚጠራው አውቄያለሁና። ጠበቅኩ። ይመስገን ሊል አፉን ከፈተ፤ እኔ ስላልመለስኩለት ይመስገኑ ግማሽ ላይ ቆመ። ሰው ፊት እንዲያ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ነው፤ ሰውነቴ ሁሉ አንድ ነገር በይ አንድ ነገር በይ ይለኝ ነበር። እማዬ ጓዳ ነበረች፣ ብቅ ስትል በእጄ ምልክት አስቆምኳት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አለችኝ። ወፍጮው ይፈጫል። አባዬ ፎቶውን በግራ እጁ አነሳው፣ አስቀመጠው፣ ደግሞ አነሳው። ከዚያ፣ አጠና አለ።

እማዬ ንግዱ ትዝ ብሎት ነው አለች። እሱ አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ከዘራውን ይዞ ተነሳና እግሩን እየጎተተ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከተልነው። ሸራውን በግራ እጁ ገለጠው፤ ከላይ ትንሽ ልጣቸው ተልጧል እንጂ እንጨቶቹ ደህና ናቸው፣ ምስጥ አልነካቸውም። እጁን አንዱ ላይ አድርጎ፣ አጠና አለ እንደገና። እማዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ፎቶው በእጄ ነበር፣ ጣቱን ፎቶው ላይ አድርጎ፣ አጠና አለ። ከሐምሌ ወዲህ ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ያወጣው ቃል ይህ ነው። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ስለ አጥሩ ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። እኔ ሸራውን መልሼ ሸፈንኩና በድንጋይ ያዝኩት። ምን ተሰማሽ ብትለኝ፣ የሚሰማኝ እንዳለ ሩቅ ቦታ ሆኖ ይታወቀኝ ነበር።

ይህን የነገርኩህ ና ልልህ ብዬ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እንድትመጣ እፈልጋለሁ፤ ስለምፈልግም ነው ራሴን የማላምነው። አጠና ሲል እኔ የሰማሁት ክፍሉን ልሥራለት፣ ይምጣ የሚል ነው። እማዬ የሰማችው ደግሞ አጠናዎቼን አትንኩ የሚል ነው። የጎደለውን ሁላችንም እንደየፍላጎታችን ሞላነው። አንተም ከደብዳቤዬ ላይ እንዲሁ እንዳትሰማ እፈራለሁ። በአንድ በርታ መቅረት እንደማይገባህ ሁሉ በአንድ አጠናም ከእህትህ አፍ ሰምተህ መምጣት አይገባህም። ራስህ ስማው።

የምለምንህ ይህን ነው። ከመፈረምህ በፊት አንድ እሁድ ደውል። እማዬን አነጋግሬ ስልኩን እኔ እይዝለታለሁ፣ ፊቱንም ሙሉውን ታየዋለህ፤ አትደንግጥ፣ ብትደነግጥም አትደብቀው። ሰላም አትበለው። እንዴት ነህ አባዬ፣ ጤናህ እንዴት ነው አትበለው። ክፉ ልጅ ቢመስልህም፣ አባቴን እንዴት ሰላም ሳልል ብትልም፣ አትበለው፤ ካልከው እስከ ተባረክ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ይደክመዋል። ጥያቄህን ብቻ ጠይቀው። ከዚያ ዝም በል። ኔትወርኩ የተቋረጠ ይመስልሃል፤ አልተቋረጠም። ሄሎ ሄሎ አትበል። ካርድህን ይበላል፣ ይብላ። አባዬ ሲታገል ታያለህ፣ ልታግዘው ይዳዳሃል፣ አታግዘው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። የሚመጣው ቃል ምንም ይሁን ምን፣ ደስ ባይልህም፣ ትርጉሙ ባይገባህም፣ ላንተ ብሎ የፈለገው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብትፈርምም ብትመጣም አልወቅስህም።

ስለ እኔ አትጨነቅ። ጠዋት ከዓለም ባንክ ታክሲ ስወርድ የማውቃቸው ሁሉ እንዴት ነሽ ሰብሌ ይሉኛል፣ ደህና ነኝ ይመስገን እላቸዋለሁ፣ ትምህርት ቤቱ በር ስደርስ ማንን ሰላም እንዳልኩ አላስታውስም። አፌ ብቻውን ይሠራልኛል። አንዳንዴ እንደ አባዬ የታመምኩ ይመስለኛል፣ ልዩነቱ እኔን ጠይቆ የሚጠብቀኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ይህንንም ለማንም አልተናገርኩትም፤ እዚህ ወረቀት ላይ ፈልጌ አገኘሁት።

እማዬ ይህን ደብዳቤ እንደጻፍኩ አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጠጣ በይው ትለኝ ነበርና እንዳለችኝ ቁጠረው። ሰይፈዲን ሰላም ብሎሃል፤ አሁን በየቀኑ እየመጣ አባዬ አጠገብ ቃል ሳይናገር ይቀመጣል፣ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ሃፊዛ ሰላም ብላሃለች፣ በኑሕ እጅ የላከችልህን በርበሬ ለብቻህ እንዳትበላው ብላለች። ሀይፋም ሰላም ትልሃለች፣ ጤናዋ ተመልሷል። ዮርዲ አንተን ባታውቅህም ስሟን ካነሳሁ ዘንድ ከእሷም ሰላምታ ይድረስህ።

በደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ አባዬም ሰላም ይልሃል ብዬ ስጽፍልህ ኖሬአለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱን ሳልጠይቅ ነበር። ዛሬ ጠየቅኩት፤ ለጉልላት ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልህ አልኩትና ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ጓሮው አየ። ሰላም በይው አላለኝም። ስለዚህ ከዚህ በላይ ካሉት ሰላምታዎች ውስጥ የአባዬ የለበትም። ከሱ የምልክልህ አንድ ቃል ነው፤ አጠና።

እህትህ ሰብሌ ኤርጫፎ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.